ሂሊየም «ረጋ» ነው «ጠጠረ»?

ብራና፦ ሰላም ቤቶች። አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ተቸገርኩ። «በ2004 እ.ኤ.አ. ኪም እና ቻን፣ ፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ሂሊየምን ፖረስ በሆነ ቫይኮር መስታወት ውስጥ አጠጥረው አወዛወዙት» ይላል። «ፖረስ»ን ምን ልበለው? ቀዳዳዎቹ 7 ናኖ ሜትር ገደማ ናቸው። «ቀዳዳ መስታወት» ካልኩ የተሰበረ መስኮት ይመስላል።

ዘደብር፦ ፖረሱን ቆየው። «አጠጥረው» ያልከው ነው ያስደነገጠኝ። ፈሳሽ ይረጋል እንጂ አይጠጥርም። ግእዙ ረግዐ ነው፣ እርጎም ከሱ ነው የመጣው።

የላብዋ፦ ሂሊየም እኮ እንደ ወተት ዝም ብለው ስላስቀመጡት አይረጋም። የፈለገውን ያህል ቢቀዘቅዝ፣ 25 ከባቢ አየር ያህል ግፊት ካልተጫነው ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል፤ በነዚያ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥማ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ደግሞ ትምህርት ቤት የተማርነው ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ ነው።

ዘደብር፦ እህቴ፣ ቅኔ ቤት ያደግኩት ለዚህ ነው። ጠጠረ የጥንካሬ ቃል ነው። የነጠረ ቅቤ ሲበርድ ይረጋል። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ካደረ ደግሞ ማንኪያ እስኪያጎብጥ ይጠጥራል። መጀመሪያ ረጋ፣ ኋላ ጠጠረ።

የላብዋ፦ ቆይ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው! በዚያ ሙከራ ላይ የተነሳው የሳይንቲስቶቹ ጭቅጭቅ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው። መስታወቱና ሂሊየሙ ያሉበት ዕቃ በቀጭን ዘንግ ተንጠልጥሎ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ከ0.175 ኬልቪን በታች ውዝዋዜው ፈጠነ። ከረጋው ሂሊየም የተወሰነው ዕቃውን ሳይከተል ያለ ሰበቃ እየፈሰሰ ነው ተባለ። በ2007 ግን አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ዴይ እና ቢሚሽ፣ የረጋው ሂሊየም ሲበርድ ይበልጥ እንደሚጠጥር አሳዩ። የቻን ቡድን በ2012 ከመስታወቱ ውጪ የሚረጋ ሂሊየም እንዳይኖር አድርጎ ሲደግመው ለውጡ ጠፋ። መጠጠሩን ነው መፍሰስ ያሉት። ሁለቱን በአንድ ቃል ከጠራን አንባቢው ይሄን በምን ያያል? እሺ፣ ረጋ ይሁን።

ዘደብር፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ብራና፦ «አርግተው» ብዬ አስተካከልኩ። ፖረሱስ?

ምስጢረ፦ ሰፍነጋም መስታወት በለው። በስቅለቱ ሆምጣጤ የሞሉበት ሰፍነግ አለ አይደል።

የላብዋ፦ ሰፍነግ ይጨመቃል፣ ቫይኮር ድርቅ ያለ መስታወት ነው።

ዘደብር፦ ሰፍነግ ደግሞ ከግሪክ የመጣ ነው፣ ስፖንጎስ።

ምስጢረ፦ ግእዝ ከወሰደው በኋላማ የግእዝ ነው!

ዘደብር፦ እሱን ነገ በሰፊው እንነጋገርበታለን፣ ማስረጃ ይዤ እመጣለሁ።