ፕሮኾሮቭካ ላይ «ከጥቅም ውጪ» የሆነው ስንት ነው?

የታሪክ ወዳጅ፦ ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የጀርመን ጋዜጣ የፕሮኾሮቭካ (በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ሩሲያ ውስጥ ኩርስክ አካባቢ የሶቭየትና የጀርመን ታንኮች የተጋጠሙበት ቦታ) መታሰቢያ መፍረስ አለበት የሚል ጽሑፍ አወጣ። ለምን? ጁላይ 12 ቀን 1943 «ከጥቅም ውጪ የሆኑት የጀርመን ታንኮች አምስት ገደማ ብቻ ናቸው» ተብሎ። እዚያ ያለቀው ሰውስ?

ቁጥር አይዋሽም፦ ቁጥሩ ግን ልክ ነው። የአየር ፎቶ አለ፣ የጀርመኖቹ የየዕለት መዝገብም አለ። የሶቭየት መጻሕፍት እስከ 400 አድርሰውታል። 70 ታይገር (የጀርመን ከባድ ታንክ) አወደምን ተብሎም ተጽፏል። እዚያ የተዋጋው የጀርመን ጦር፣ የጄኔራል ሃውሰር ኮር፣ በዚያ ቀን ለውጊያ ብቁ የነበረው ታይገር 15 ገደማ ነው። የሌለ ታንክ እንዴት ይወድማል?

ሾፌሩ፦ «ከጥቅም ውጪ» የምትለዋ ላይ እንቁም። እኔ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ሰንሰለቱ የተበጠሰ ታንክ ያን ቀን አይዋጋም። ማታ ተጎትቶ ከተጠገነ ጀርመን «አልጠፋም» ብሎ ይመዘግባል። ፊት ለፊቱ ለነበረው ወታደር ግን ቆሟል።

ቁጥር አይዋሽም፦ ለሁለቱም እኩል ቁጠራ። የሶቭየቱ ጄኔራል የሮትሚስትሮቭ ጦር ከ200 በላይ ታንክ ጭራሽ አጥቷል። የገዛ ወገናቸው በቆፈረው የፀረ ታንክ ቦይ የገቡም አሉ። ስታሊን ከፍተኛ ባለሥልጣኑን ማሌንኮቭን ለምርመራ የላከው ደስ ብሎት ነው?

ሾፌሩ፦ ሜዳው ለቀናት በጀርመን እጅ ነበር። የራሱን ጎተተ። የሩሲያውን ጎትቶ የሚያወጣ አልነበረም። ልዩነቱን ያሰፋው አንዱ ይሄ ነው።

ቁጥር አይዋሽም፦ ሜዳው በጀርመን እጅ ከቀረ ታዲያ ማን አሸነፈ? ራስህ መለስክልኝ።

የኪየቭ ተማሪ፦ ልጄ፣ ቀስ በል። እኔ ኪየቭ ነው የተማርኩት። አንዱ መምህራችን ታንከኛ ነበሩ፣ ፊታቸው ተቃጥሏል። እኚያን ሰው «ቁጥርዎ ውሸት ነው» ብዬ አልናገርም።

ቁጥር አይዋሽም፦ ጋሼ፣ እርስዎንም መምህርዎንም አከብራለሁ። ቁጥሩን የጻፉት ግን እሳቸው አይደሉም፣ አለቆቹ ናቸው። የተቃጠሉትን ሰዎች የበደለው ያ የተጋነነ ሪፖርት ነው። ኪሳራቸውን ደበቀባቸው።

የታሪክ ወዳጅ፦ በማግስቱ ሂትለር የኩርስክ ዘመቻው ይቁም አለ። ኦገስት 5 ቤልጎሮድን፣ ኦገስት 23 ካርኮቭን አጣ። ይሄ ሽንፈት ካልሆነ ምንድን ነው?

ቁጥር አይዋሽም፦ አሜሪካና እንግሊዝ ጁላይ 10 ጣሊያን፣ ሲሲሊ ላይ ወርደው ነበር። ሂትለር ያቆመው ለዚያም ነው፤ እሱን ለምን ትዘላለህ?

የታሪክ ወዳጅ፦ አንተስ ከኩርስክ በስተሰሜን ያለውን ኦሬልን ለምን ትዘላለህ? የሶቭየት ማጥቃት እዚያም የጀመረው በዚያው ጁላይ 12 ነው።

ቁጥር አይዋሽም፦ ኦሬል ሌላ ግንባር ነው። ጥያቄው የፕሮኾሮቭካ ነው። መታሰቢያው ይቁም፣ 400 የሚለው ይሰረዝ።

ሾፌሩ፦ እሺ፣ ይሰረዝ። ጀርመኖቹ በኋላ ሲያፈገፍጉ ሳይጠግኑ የተዉትንስ? ያን ቀን የተመታ ታንክ ኦገስት ላይ ከተተወ «ከጥቅም ውጪ» የምትለው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው?