በአዲስ አበባ ለኤክስኪዩቲቭ አሲስታንት 28,000 ብር ደመወዝ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት በጸሐፊነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ያልተጣራ ደመወዜ 13,500 ብር ሲሆን ግብርና ጡረታ ተቀንሶ እጄ የሚገባው 9,855 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 3,500 ብር ለቤት ኪራይ፣ ወደ 4,000 ብር ለምግብና ለልዩ ልዩ ወጪ አወጣለሁ፤ 1,500 ብር ደግሞ ለእናቴ እሰጣለሁ። በቅርቡ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ አስመጪ ኩባንያ፣ የዋና ሥራ አስኪያጁ ኤክስኪዩቲቭ አሲስታንት ሆኜ በ28,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝና በወር 1,000 ብር የሞባይል ካርድ እንድቀጠር ጠይቆኛል። የሥራ ሰዓቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል እንደሆነ ቢነገረኝም «አንዳንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ እስኪወጡ መቆየት ይኖርብሻል» ተብያለሁ። ቤተሰቦቼ ደመወዙ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ለምን እንደማመነታ አልገባቸውም። አዲስ አበባ ውስጥ የማርፍበት ዘመድ የለኝም። በዚህ ደመወዝ ኑሮ ይገፋል ወይ? ካልተገፋስ ምን ያህል ብጠይቅ ተገቢ ይሆናል? መልሴን የሚጠብቁት እስከ ሰኞ ነውና ብታማክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እጅሽ የሚገባውን እንይ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ደመወዝ ከግብር ነፃ ሲሆን ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገንዘብ 35 በመቶ ይታሰብበታል። ለ28,000 ብር ግብሩ 7,750 ብር ይመጣል፤ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ በመሆኑ ሌላ 1,960 ብር ይቀነሳል። ስለዚህ የተጣራው 18,290 ብር ነው። ልብ ልትይው የሚገባው ነገር፣ ከ14,000 ብር በላይ ከምትደራደሪበት ከእያንዳንዱ 100 ብር እጅሽ የሚገባው 58 ብር ብቻ መሆኑ ነው። ኩባንያው 5,000 ብር ቢጨምርልሽ አንቺ የምታገኚው 2,900 ብር ይሆናል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ጥቅሞችን በደመወዝ ላይ ከማስጨመር ይልቅ ለብቻቸው መጠየቅ ያዋጣል። ለምሳሌ አሠሪው ለሠራተኛው ሕክምና በትክክል የወጣውን ወጪ ሲሸፍን ገንዘቡ ግብር አይከፈልበትም። የትራንስፖርት አበልም በመመሪያ እስከተፈቀደው መጠን ድረስ ከግብር ነፃ ነው።

መልስ፦ ጀሞ ነዋሪ

እኔም ሜክሲኮ አካባቢ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ስላለሁ የራሴን ወጪ ልንገርሽ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዲት ስቱዲዮ በ11,000 ብር ተከራይቻለሁ። ምግብ፣ ምሳዬን ከቤት ቋጥሬ እየሄድኩ እንኳን፣ ከ5,500 ብር አይወርድም። የታክሲ 1,600፣ የመብራት፣ የውሃና የስልክ 1,200 ብር ገደማ ነው። ድምሩ 19,300 ብር ስለሚሆን አሁን በቀረበልሽ ደመወዝ ገና ልብስ ሳትገዢና ለእናትሽ ሳትልኪ 1,010 ብር ይጎድልሻል። ባለ አንድ መኝታውን በ16,000 ብር ከሌላ ሴት ጋር በጋራ ብትከራዪ ወጪሽ ወደ 16,300 ብር ይወርድና 1,990 ብር ይተርፍሻል፤ የእናትሽ 1,500 ሲቀነስ ደግሞ 490 ብር። ሐዋሳ ላይ ባቀረብሽው ሒሳብ መሠረት ለእናትሽ ሰጥተሽ 855 ብር ይተርፍሽ ነበር። እንግዲህ ከእጥፍ በላይ አድጓል የተባለው ደመወዝ ከነበርሽበት ዝቅ ያደርግሻል ማለት ነው።

ሰፈር ስትመርጪ ኪራዩን ብቻ አትመልከቺ። ሰሚት ወይም አያት ብትይዢ መገናኛ ላይ ትራንስፖርት መቀየር ይመጣል፤ ከአያት በባቡር ሜክሲኮ ድረስ መምጣት ቢቻልም ጠዋት መቆሚያ እንኳን ማግኘት ፈተና ነው። ከጀሞ ግን ታክሲው ቀጥታ ሜክሲኮ ያወርድሻል።

ደግሞ «አንዳንድ ጊዜ» ያሉሽን ነገር በቀላሉ አትለፊው። የእኛ ቢሮ ሰርቪስ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል። እኔ ግን አለቃዬ ከውጭ እንግዳ ጋር ስብሰባ ላይ ከሆኑ ቃለ ጉባኤውን ጨርሼ፣ የነገውን ፕሮግራም አስፈርሜ፣ የጉዞ ቲኬታቸውን አረጋግጬ እስክወጣ ምሽት 2 ሰዓት ያልፋል። በዚያ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ መጠበቅ ስለማልደፍር ራይድ እጠራለሁ። እንዲህ ዓይነት ምሽት በሳምንት ሁለቴ ከመጣ ለወሩ ትራንስፖርት የመደብኩት ገንዘብ አሥራ አምስት ቀን አይደርስም።

መልስ፦ የመርካቶ ልጅ

ሁሉም ሒሳብ ብቻ አደረገው። የዋና ሥራ አስኪያጅ ረዳት ሆኖ የሠራ ሰው ከባንኩም ከአስመጪውም ይተዋወቃል፤ ዓመት ሳይሞላው የተሻለ ቦታ ያገኛል። እኔ ብሆን ተቀብዬ እገባለሁ።

መልስ፦ በሰው ኃይል አስተዳደር የሚሠራ

ከዚህ በላይ የተጻፈው ምክር ለአንዳንድ ሰው ይሠራ ይሆናል፤ ነገር ግን የወር ወጪዋን የማይሸፍን ሥራ የያዘች ሠራተኛ የተሻለ ቦታ እስክታገኝ በብድር ትኖራለች፤ ብድሩ ደግሞ ያገኘችውን የመጀመሪያ ዕድል ሳትመርጥ እንድትቀበል ያስገድዳታል። እኔ ብዙ የቅጥር ድርድር ላይ ተቀምጫለሁና የሚከተለውን እመክርዎታለሁ።

በአገራችን ለግል ድርጅቶች የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ ለዚህ መደብ የሚከፈለው ገንዘብ ከኩባንያ ኩባንያ እጅግ ይለያያል፤ ኤምባሲና ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚከፍለውን ከአገር ውስጥ አስመጪ ጋር ማወዳደርም ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ «ገበያው ይህን ያህል ይከፍላል» ብለው ከመከራከር ይልቅ የሚጠበቅብዎትን ሥራ በዝርዝር ያስቀምጡ። የቦርድ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ? ለአንድ ኃላፊ ነው ወይስ ለምክትሎቹም ጭምር ነው የሚሠሩት? የኩባንያውን ቼክና የፊርማ ሰነዶች ይጠብቃሉ? እነዚህ ካሉበት 38,000 ብር ቢጠይቁ አልበዛም። የተጣራው 24,090 ብር ስለሚሆን ብቻዎን ቢከራዩም እንኳን 4,790 ብር ይተርፍዎታል።

የሥራ ሰዓቱን ጉዳይ በተመለከተ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። አንዳንድ ኩባንያዎች ለሥራ አስኪያጅ ቅርብ የሆነን ሠራተኛ «የሥራ መሪ ነሽ፣ አዋጁ አይመለከትሽም» ይላሉ፤ አዋጁ የሥራ መሪ የሚለው ግን የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ወይም ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠውን ሰው ነውና ፕሮግራም የምትይዝና ደብዳቤ የምታዘጋጅ ረዳት በዚህ ውስጥ አትገባም። የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው እንደ አስቸኳይ ሥራ ባሉ በአዋጁ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ሲሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊያልፍ አይችልም። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራው የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ወሩ በ208 ሰዓት ቢታሰብ በ28,000 ብር ደመወዝ የአንድ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ግብር ሳይነሳለት 202 ብር ገደማ ነው። በተግባር ለዚህ መደብ ትርፍ ሰዓት እየቆጠረ የሚከፍል ኩባንያ ብዙም አላየሁም። ስለሆነም ከ12 ሰዓት በኋላ ሲቆዩ የድርጅቱ መኪና ቤትዎ እንዲያደርስዎ በቅጥር ደብዳቤው ላይ ያስጽፉ፤ ይህን እምቢ የሚል ሥራ አስኪያጅ ጥቂት ነው።

የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም። «ከሙከራ በኋላ እናስተካክላለን» ካሉዎት የሚስተካከለው መጠን በአኃዝ ይጻፍ።

ከሐዋሳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ደውዬ ነበር። 38,000 እንደማይችሉ ነግረውኝ 33,000 ብር አቀረቡ፤ ምሽት ላይ ስቆይ በመኪና ለማድረስና ከሙከራ በኋላ 36,000 ለማድረግ ግን በጽሑፍ ተስማምተዋል። የተጣራውን 21,190 ብር አግኝቼዋለሁ፤ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ጀሞ ላይ በደላላ በኩል ያገኘሁት የቤት አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። ይህ የተለመደ ነው?

መልስ፦ የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ

ሒሳቡ ልክ ነው።

መልስ፦ ጀሞ ነዋሪ

የተለመደ ነበር፤ ሕጋዊ ግን አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ይደረጋል፤ መመዝገብም አለበት። አከራዩ እንቢ ካለ ሌላ ቤት ፈልጊ፤ ገና ሳትገቢ የሚያስቸግር አከራይ ከገባሽ በኋላ አይሻሻልም። ቤት እስክታገኚ ድረስ ደባል የምትፈልግ የሥራ ባልደረባ ካለች ኩባንያውን ጠይቂ።

አንድ ነገር ልጨምር። አስመጪ ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ ደመወዝ የሚከፍሉት በፈረንጆች ወር መጨረሻ፣ ማለትም እንደ ወሩ በእኛ ከ20 እስከ 25 ገደማ ነው። አከራዮች ግን ኪራዩን በእኛ ወር ይቆጥራሉ። ውሉ ላይ የክፍያው ቀን በየወሩ 25 እንዲሆን አስጽፊ፤ አለበለዚያ ወር በገባ በአንደኛው ቀን አከራዩ ሲያንኳኳ ደመወዝሽ ከተከፈለ ሳምንትና ከዚያ በላይ አልፎት ታገኚዋለሽ።