የአማርኛ መጻሕፍቴን በኪንድል ልተካቸው?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦
በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በወጣበት ሌሊት ከአባቴ መደርደሪያ የታችኞቹ ሁለት ረድፎች ጭቃ ሆነው ቀሩ፤ የተረፉትን ከአንዱ የኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሳጓጉዝ ኖሬአለሁ። አሁን ወደ ጠባብ ቤት ልዛወር ስለሆነ፣ መጻሕፍቱን ለዘመድ አከፋፍዬ ኪንድል (የአማዞን ኩባንያ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ) ለማስመጣት አስቤአለሁ። ስልክ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ የማነበውም በአብዛኛው አማርኛ ነው። የተጠቀማችሁበት ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (ከድሬዳዋ)፦
ለዓይንዎ አይስጉ። የኪንድል ገጽ እንደ ስልክ ብርሃን ወደ ዓይን የሚረጭ ሳይሆን፣ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ እየተገፉ ፊደል የሚሠሩበት ስለሆነ፣ በድሬ ፀሐይ እንኳ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ኃይል የሚወስደውም በአመዛኙ ገጽ ሲገለጥ በመሆኑ አንድ ቻርጅ ሳምንታት ያቆያል። ችግሩ ያለው አማርኛው ላይ ነው። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት መጻሕፍት (ደራሲዎቹ ሳንቲም የማያገኙባቸው መሆኑ ሳይረሳ) ብዙዎቹ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥተው ፒዲኤፍ የሆኑ ናቸው፤ የፎቶ ፊደል ደግሞ ብቻውን ተልቆ መስመሩን አያስተካክልም። ባለ 6 ኢንች በሆነው በእኔ መሣሪያ ላይ «ቡ»ን ከ«ቢ» ለመለየት ገጹን አጉልቼ ግራና ቀኝ ስጎትት፣ የነበርኩበት መስመር ይጠፋኛል፤ ሦስት ገጽ አንብቤ እተወዋለሁ። ለእንግሊዝኛ ግን ወደ ወረቀት አልመለስም።

መልስ (ከሐረር)፦
በጀጎል የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም ቢጎበኙ ጥያቄውን በሌላ መልኩ ያዩታል። እኚህ ሰው የድሮ የእጅ ጽሑፎችን ከመሰብሰብ አልፈው የጥራዝ ሙያን ተምረው የተጎዱትን ይጠግናሉ። ክዳኑ እንደ ፖስታ የፊቱን ጠርዝ አልፎ የሚታጠፍ የቆዳ ጥራዝ፣ ስፌቱ ቢላላ በክርና በሙጫ ይድናል፤ የመሣሪያ ባትሪ ሲሞት የሚጠግነው ማን ነው? በዚያ ላይ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2009 የሸጣቸውን አንዳንድ መጻሕፍት፣ ገንዘቡን ቢመልስም፣ ከገዢዎች ኪንድል ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰርዞ ነበር። የአባትዎን መጻሕፍት አይበትኗቸው።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አባቴ በእርሳስ ኅዳጋቸው ላይ የጻፉባቸውንና ዳግም ያልታተሙትን አስቀራለሁ፤ በየመጻሕፍት መደብሩ የሚገኙትን እሰጣለሁ። የድሬዳዋው ወንድሜ ፈቃድዎ ከሆነ፣ ከመግዛቴ በፊት አንድ የራሴን ፒዲኤፍ በመሣሪያዎ ላይ ከፍቼ ባየው ደስ ይለኛል።