የእናቴን ነጠላዎች ኩዊልት ላደርጋቸው ነው፤ ከመቁረጤ በፊት ምከሩኝ

የሜሪላንዷ አያት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። 27 ዓመት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናይት ሽፍት ስሠራ ኖሬ፣ ሰው ሲተኛ መተኛት የጀመርኩት ገና አሁን ነው። አምና ሰፈራችን ያለ ማዕከል ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ኩዊልት ከሚሰፉ ሴቶች ጋር ተቀላቀልኩ። ለማታውቁት፣ ከላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ፣ መሐሉ ባዘቶ የመሰለ ጥጥ ገብቶበት፣ ከታች ገበር ተደርጎለት ሦስቱ ባንድ ላይ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው። እስካሁን ሁለት ጨርሻለሁ። አንደኛው ጠማማ ነው፣ ግን የልጅ ልጄ ያለ እሱ አይተኛም።

ጉዳዬ ይኸውላችሁ። እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ። እህቴ አርባዋ ላይ ልብሷን ለነዳያን ስትሰጥ ሦስት ነጠላና አንድ ያረጀ ጋቢ ለእኔ አስቀርታልኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ሻንጣ ውስጥ ናቸው። ሴት ልጄ ከጥምቀት በኋላ ታገባለች። ከነጠላዎቹ 60 በ72 ኢንች የሆነ ኩዊልት ሠርቼ ልሰጣት አሰብኩ።

ለሙከራ ጥጉ የተቀደደውን ነጠላ እንደለመድኩት 12 ኢንች ተኩል አድርጌ አንድ ካሬ ቆረጥኩ፤ በሩብ ኢንች ከፋብሪካ ጥጥ ጋር ሰፋሁትና ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ሲወጣ ስፌቱ ጋ ድሩና ማጉ ተለያይቶ ጣቴ ያልፋል። የጥለቱ ቀይ ደግሞ ነጩ ላይ ወርዶ ሮዝ አድርጎታል። የእናቴ ልብስ ነውና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በዚህ ላይ ባለቤቴ «ለልጅሽ ሠርግ ድሪቶ ልትሰጪ ነው?» ብሎ ስቆብኛል። የምግብ ጠረጴዛውንም ሦስት ወር ያዝሽብኝ ይላል (ይህስ እውነቱን ነው)። የእሱ እህት ደግሞ በስልክ «የሞተ ሰው ልብስ ይሰጣል እንጂ አይሰፋም» አለችኝ። ጨርቁን ምን ላድርገው? ነገሩንስ ልተወው ወይ?

ባለ ሲንጀሩ

እትዬ፣ አይዞዎት። እኔ አዲስ አበባ የሀገር ልብስ ስሰፋ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ይኼ የእጅዎ ጥፋት ሳይሆን የጨርቁ ጠባይ ነው። ሸማ በእጅ ስለሚሸመን ማጉ እንደ ፋብሪካ ጨርቅ ተጠቅጥቆ አይገባም። ነጠላውን ወደ መስኮት ዘርግተው ቢያዩበት ማዶ ያለውን ሰው ይለያሉ። እንዲህ ባለ ጨርቅ ላይ ሩብ ኢንች ስፌት የሚይዘው ጥቂት ክር ብቻ ነው፤ ውኃ ሲነካው ሾልኮ ይወጣል።

መጀመሪያ ሳይቆርጡት ይጠቡት። ዘርፉንና የተቀደደውን ቦታ በዚግዛግ ይያዙት፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ ያሹት፣ አይጠምዝዙት፣ ፎጣ ላይ ዘርግተው ያድርቁት። ሸማ የሚሰበሰበውን ያህል አሁን ይሰብሰብ፤ ኩዊልቱ ካለቀ በኋላ ቢሰበሰብ የጎረቤቱን ካሬ ይዞ ይጨማደዳል።

ቀጥሎ ጀርባውን ማጠንከር ነው። በካውያ የሚለጠፍ ስስ ገበር አለ፤ እዚያ ሱቅ ሲገቡ ፊውዚብል ኢንተርፌሲንግ ይበሏቸው፣ ከሁሉ ስሱንና ክር ለክር የተሸመነውን ይምረጡ። ወፍራሙን ከገዙ ነጠላው ካርቶን ይሆናል። ሲለጥፉ ካውያውን እንደ ሸሚዝ አይግፉት፤ ከገፉት ጨርቁ ይንጋደዳል። ያስቀምጡት፣ አሥር ይቁጠሩ፣ ያንሱት፣ ወደ ቀጣዩ ቦታ ይሂዱ። ጥለቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ክር ካለ በቀጥታ አይተኩሱት፣ ስለሚቀልጥ ላዩ ላይ ስስ ጨርቅ ያድርጉበት። መቁረጥ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እርስዎ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት እንጂ ስፌቱን አላበላሹትም።

ሲቆርጡ 13 ኢንች በ13 ያድርጉት፤ ግራና ቀኝ ግማሽ ግማሽ ኢንች ለስፌት ሲሄድ 12 ይቀርዎታል። የስፌቱን እርምጃ ወደ 2 ሚሊሜትር ያጥብቡት። ስፌቱን ወደ አንድ ጎን አያጥፉት፣ ግራና ቀኝ ከፍተው ይተኩሱት፤ አለበለዚያ መገናኛው ላይ ጉብታ ይሠራል። ጥለቱ ላይ ሲደርሱ 14 ቁጥር መርፌ ይጠቀሙ።

ሂሳቡንም ልሥራልዎት። 60 በ72 ማለት አምስት በስድስት፣ 30 ካሬ ነው። አንዱን ሸማ፣ አንዱን ልሙጥ የፋብሪካ ጥጥ እያደረጉ እንደ ዳማ ገበታ ቢደረድሩት የሚያስፈልግዎት 15 የሸማ ካሬ ብቻ ነው። የተቀደደው ነጠላ ለብቻው ሊበቃ ይችላል። ይለኩት፤ ደህናዎቹን ሳይነኩ ሊያመልጡ ነው።

ዝናብ በሲያትል

ቀለሙን በተመለከተ፣ እናታችን ጥለት ያለውን ልብስ ሁሉ ጨውና ኮምጣጤ ውስጥ ትነክረው ነበር፣ ቀለም ይይዛል ብላ። ይሞክሩት።

ባለ ሲንጀሩ

እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። ጨው ጨርቅ በሚነከርበት ሰዓት ቀለሙ እንዲገባ ይረዳል እንጂ አንዴ ተነክሮ ያልያዘ ቀለም ኋላ በጨውና በኮምጣጤ አይያዝም። በዚህ ተማምኖ የሙሽራ ቀሚስ ሮዝ ያደረገ ሰው አውቃለሁ (ወጣት ሳለሁ፣ እኔው ነኝ)።

እትዬ፣ ነጭ ጨርቅ አርጥበው ጥለቱ ላይ ይጫኑት። ቀለም ካነሳ ውኃው እስኪጠራ ደጋግመው በቀዝቃዛ ያለቅልቁት። ከዚያም በኋላ እምቢ ካለ ያንን ጥለት ተውት፣ ከነጭ ጋር አይገጥምም። ካለቀም በኋላ በመጀመሪያው እጥበት ቀለም የሚሰበስበውን ወረቀት አብረው ይክተቱ፤ እናንተ ጋ በየሱፐርማርኬቱ አለ ሲሉ እሰማለሁ።

ጡረተኛው መምህር፣ ጎንደር

ስለ ድሪቶው እኔ ልናገር፣ ለብሼው አድጌያለሁና። እናቴ ያለቀ አቡጀዲ፣ የአባቴን የካኪ ሱሪ ጉልበት፣ የማዳበሪያ ጆንያ ሳይቀር እየደራረበች በወፍራም መርፌ ትደርተው ነበር። ይከብዳል። ዝናብ ከነካው ለሁለት ቀን አይደርቅም። ቁንጫውን አላወራም። ስለዚህ ባለቤትሽ ቢስቅ አልፈርድበትም፤ ድሪቶ ለእኛ ትውልድ የእጦት ስም ነው፣ ከረሜላ አናድርገው።

ግን አሠራሩ ያው ነው፣ ያለቀውን ከደህናው ጋር ደርቦ መስፋት። ጋቢውስ ቢሆን አራት ድርብ ሸማ አይደል እንዴ? ጋቢ ለብሶ የሚሞቀው ሰው በድርብርብ ጨርቅ መሳቅ አይችልም በይልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥለቱን የምታስገቢ ከሆነ ወደ ራስጌ አታድርጊው። ነጠላ ጥለቱ ወደ አንገት ወጥቶ ሲለበስ የሐዘን ነው። ለሙሽራ አልጋ በግርጌ በኩል ይሁን። ልጅሽ ላታውቀው ትችላለች፤ ዓይቶ የሚያጉረመርም ዘመድ ግን አይጠፋም።

አትላንታ ነኝ

ለጋሼ አንድ ታሪክ ይንገሩልኝ። አላባማ ውስጥ ጂዝ ቤንድ የምትባል ወንዝ የከበባት መንደር አለች። የባሪያ ልጆችና የልጅ ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች ከባሎቻቸው የእርሻ ሱሪ፣ ከዱቄት ከረጢት ኩዊልት ይሰፉ ነበር፣ ቤታቸው ስለሚበርድ ብቻ። መምህሩ እንዳሉት፣ እጦት ነው። እነዚያው ኩዊልቶች በ2002 በሂውስተን የጥበብ ሙዚየም፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ተሰቀሉ፤ በ2006 አሥሩ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጡ።

እርስዎ ቅርብ ስለሆኑ ደግሞ፣ ሃሪየት ፓወርስ የምትባል በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደች ሴት የሠራችው የመጽሐፍ ቅዱስ ኩዊልት ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ነው ያለው። አዳምና ሔዋን፣ ቃየልና አቤል፣ ያዕቆብ ያየው መሰላል፣ ሁሉም በየካሬው በጨርቅ ተቆርጠው ተለጥፈዋል። ፎቶውን ሳየው የቤተ ክርስቲያናችን የግድግዳ ሥዕል ነው የመሰለኝ። ቸግሯት በአምስት ዶላር ነው የሸጠችው።

ምራት ነኝ

እማማ፣ እንዳይቀየሙኝ። ሙሽራዋን ጠይቀዋታል? የእኔ አማት የእናታቸውን ቀሚስ ቆርጠው ትራስ ሠሩልኝ። ትራሱ ያምራል፣ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ቀሚሱን ለመልሴ ብለብሰው እመርጥ ነበር፣ ማንም አልጠየቀኝም። የተቆረጠ አይመለስም። ዛሬ ማታ ይደውሉላት።

የሜሪላንዷ አያት (ጠያቂ)

ልጄ፣ ምን ብዬ ልቀየምሽ? ሳነበው ደነገጥኩ። በድንገት ላስደስታት ብዬ ስለነበር ትንፍሽ አላልኩም ነበር። ደወልኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «እማ፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው አለ?» አለችኝ። አለ። ትንሽ ሆና ከአያቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እሱ ውስጥ ተጠቅልላ መተኛቷን ታስታውሳለች። ለመልስ እለብሰዋለሁ አለች። ስለዚህ እሱ አይነካም።

የተቀደደውን ለካሁት። ወንድሜ ባለ ሲንጀሩ፣ እንዳልከው ነው፤ ቀዳዳውንና ያበላሸሁትን ትቼ 15 ካሬ ይወጣዋል። ሦስተኛው ነጠላ ለእኔ ይቆይ።

ለባለቤቴ እህት የነገርኳት እውነቱን ነው፤ የእናቴ ልብስ ተሰጥቷል፣ ይህ ከተሰጠው የተረፈ ነው። ዝም አለች። መስማማት ይሁን አይሁን እንጃ።

የቀረኝ ጥያቄ ጋቢው ነው። ከጥጡ ይልቅ እሱን መሐል ላስገባው? የእጄ አንጓም ያመኛል፤ ለዓመታት ሰው ሳገላብጥ የተጎዳ ነው። ሦስት ድርብ በእጅ መርፌ እስከ ጥር አልዘልቀውም።

ዝናብ በሲያትል

በጨውና በኮምጣጤው ተሸንፌያለሁ፣ በዚህኛው ግን ሠርቼው ስለማውቅ ስሙኝ። ጋቢ መሐል ይገባል፣ ያሞቃል፤ አራቱን ድርብ እንዳለ ካስገቡት ግን ማሽኑም እርስዎም አትችሉትም። ጠርዙን ፈትተው ሁለቱን ድርብ ብቻ ይጠቀሙ። አስቀድመው በሙቅ ውኃ ይጠቡት። ለገበር ደግሞ እዚህ መስሊን የሚሉትን ይግዙ፣ የእኛው አቡጀዲ ነው።

መስፋቱን ይተዉት፣ ይቋጥሩት። በየአራት ኢንቹ ወፍራም የጥጥ ክር ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አሳልፈው ሁለት ጊዜ ጠበቅ አድርገው ቋጥረው ጫፉን መቁረጥ ነው። ድሮ የአሜሪካ ገበሬ ሚስቶችም ጊዜ ሲያጥራቸው ያደርጉት ነበር። ቋጠሮው ከሸማው ይልቅ ልሙጡ ካሬ ላይና መገናኛው ላይ ቢያርፍ ይሻላል። በቀን 20 ደቂቃ፣ ከዚያ እጅዎን ያሳርፉ። ሦስቱን ድርብ አስቀድመው በመርፌ ቁልፍ ያያይዙ፣ እስፒል አይጠቀሙ፤ ሕፃን ያለበት ቤት ነው። ያስገቡትንም ይቁጠሩ፣ ሲያወጡም ይቁጠሩ።

ባለ ሲንጀሩ

ስለ ጠረጴዛው ማንም አልመለሰልዎትም። የካሬዎቹን ስፌት ለመጨረስ ትንሽ ቦታ ይበቃል፤ ትልቅ ጠረጴዛ የሚያስፈልገው ሦስቱን ድርብ የሚያነባብሩበት ቀን ብቻ ነው። ለዚያ ቀን ወለል ይጥረጉ። ጋሼን የምግብ ጠረጴዛቸውን ይመልሱላቸው።

የሜሪላንዷ አያት (ጠያቂ)

ተመልሻለሁ። ነጠላውን አጥቤ፣ ገበር ለጥፌ፣ ባለ 13 ኢንች አራት ካሬ ቆርጬ አንድ ላይ ሰፋሁ፤ ደፍሬ ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ስፌቱን በሁለት እጄ ሳብኩት፣ አልሾለከም። ቀዩ ጥለት እምቢ ስላለ ቀርቷል፣ ሰማያዊው ጠርቶ ወጥቷል፤ በግርጌ በኩል ይገባል።

ጠረጴዛውን አስረክቤያለሁ። ካውያው ግን አንጓዬን ስላሳመመኝ ባለቤቴን ለመንኩት። «እኔ ድሪቶ አልተኩስም» አለ፣ ቀጥሎ ተነስቶ ሰካው። የቀሩትን 11 ካሬዎች እሱ ነው የለጠፋቸው። ለእያንዳንዱ ቦታ ጮክ ብሎ አሥር ይቆጥራል፤ የልጅ ልጃችን አጠገቡ ቆማ አብራው ትቆጥራለች፣ ስድስትን ግን ሁልጊዜ ትዘላለች።

የጋቢውን ጠርዝ ነገ መፍታት እጀምራለሁ።