ጭቃ ለሙዚየም ጥበብ፣ ለእኛ ድህነት?

የመከራከሪያ ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ መናፈሻዎች የሚሠሩ ሻይ ቤቶችና ንባብ ቤቶች መካኒሳ እንዳለው እንደ ዞማ ሙዚየም በጭቃ ቢሠሩ ትደግፋላችሁ?

አትክልተኛዋ፦ እደግፋለሁ። ዞማ በ2011 ዓ.ም. እንደተከፈተ ሰሞን ሄጄ ነበር። ግድግዳውን ከሩቅ ሳየው የተሸመነ ጨርቅ መስሎኝ ቀርቤ ብዳስሰው ጭድ ጣቴን ወጋኝ። የሙዚየሙ መሥራቾች፣ የሥዕል ዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድና የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና ሽቦ እየሰበሰበ ሥዕል የሚሠራው ኤልያስ ስሜ ያንን ሁሉ ቅርጽ ያወጡት እናቶቻችን ምድጃ በሚለስኑበት ጭቃ ነው።

የቀበሌ ቤት ልጅ፦ እኔ ያደግሁበት ጭቃ ቤት ጎብኚ ፎቶ የሚነሳበት አልነበረም። ክረምት በገባ ቁጥር ምርጊቱ ከሥር እየራሰ ይረግፋል፤ ምስጥ ማገሩን በልቶት በስንጥቁ የጎረቤታችን መብራት አልጋዬ ላይ ያርፍ ነበር። እናቴ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ጭቃ አስረግጣ በገዛ እጇ ትለስነዋለች። ቤታችን ሲፈርስ «ያረጀ ጭቃ ቤት» ተባለ። የዞማው ግን «ሀገር በቀል ጥበብ» ነው!

መሐንዲሷ፦ ወንድሜ፣ የበደለህ ጭቃው ሳይሆን አሠራሩ ነው። ውሃ ልኩ፣ ማለትም የግድግዳው መነሻ፣ በድንጋይ ከፍ ቢል፣ የጣሪያው ክፈፍ ረዘም ብሎ ዝናቡን ከግድግዳው ቢያርቅ ሥሩ አይርስም ነበር። ጭዱም ለጌጥ አይገባም፤ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ይልቅ ብዙዎች «ለማጠንከር» ብለው ጭቃውን በሲሚንቶ ይለስኑታል፤ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀርና ግድግዳውን ይበላዋል።

የቀበሌ ቤት ልጅ፦ እሺ፣ በየዓመቱ ማን ይለስነዋል?

መሐንዲሷ፦ ማሊ ውስጥ ጄኔ የምትባል ከተማ አለች። በ1907 እ.ኤ.አ. የተሠራው ትልቁ የጭቃ መስጊዷ ዛሬም ቆሟል። ነዋሪው በዓመት አንድ ጊዜ እንደ በዓል ተሰብስቦ ይለስነዋል። ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉት እንጨቶች ጌጥ ይመስላሉ እንጂ ለሳሾቹ የሚቆሙባቸው ናቸው።

አናጺው፦ ልጄ፣ እውነት ብለሻል፤ እኔም ስንት ቤት መርጌአለሁ። ነገር ግን የመናፈሻ ቤት የሚጠገነው በደቦ ሳይሆን በጨረታ ነው። ሰነዱ ላይ ሲሚንቶ በኩንታል ይጻፋል። ሦስት ቀን የተረገጠ ጭቃ በምን ተለክቶ ይጻፍ?

የቀበሌ ቤት ልጅ፦ ጋሼ፣ በቀን ደመወዝ ይጻፍ። እናቴንና ጎረቤቶቿን ይቅጠሯቸው፤ ያን ጊዜ እኔም እደግፋለሁ።