«ቲቲ»ን «ቀን» ብሎ መተርጎም ያስኬዳል?

ቃል ለቃሚ፦ በሕንድ ማሃራሽትራ፣ የማራቲ ተናጋሪዎች ግድግዳ ላይ በሚሰቅሉት ካላንደር «ቲቲ» እና «ታሪኽ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። ሁለቱንም «ቀን» ልበላቸው?

ቀመረኛው፦ አያስኬድም። «ታሪኽ» ከዐረብኛ የመጣ፣ የእኛው «ታሪክ» ወንድም ነው። እኛ ጋ ያለፈው ዘመን ነገር ሆነ፤ እነሱ ጋ «መስከረም 5» እንደምንለው ያለ ዕለት ሆኖ ቀረ። «ቲቲ» ግን የጨረቃ ነው። ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ በራቀች ቁጥር አንድ ቲቲ ይሞላል፤ 30 ሲሞላ ወር ነው። ጨረቃ አንዴ ትፈጥናለች፣ አንዴ ትዘገያለች፤ ስለዚህ አንዱ ቲቲ 19 ሰዓት ግድም፣ ሌላው 26 ግድም ይረዝማል። ዕለቱ የሚጠራው ፀሐይ ስትወጣ በተገኘው ቲቲ ነው። ከንጋት በኋላ ገብቶ ከሚቀጥለው ንጋት በፊት ያለቀ ቲቲ ይዘለላል፤ «ክሻይ» ይሉታል። ሁለት ንጋት የነካው ይደገማል። ከ4ኛው ቀጥሎ 6ኛውን ያየ ተርጓሚ የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎት እንዳያርም።

ቃል ለቃሚ፦ «ክሻይ»ን በባሕረ ሐሳቡ «ሕጸጽ» ብንለውስ?

ቀመረኛው፦ ፍቺው ይቀርባል፣ ሁለቱም ጉድለት ናቸው። ስሌቱ ግን ይለያል። የእኛ ሕጸጽ በዓመት 6 ሆኖ የተቆረጠ ነው፣ ከ360 ወደ 354 የሚያወርድ። የእነሱ መቼ እንደሚወድቅ የሚታወቀው የጨረቃን ቦታ አስልቶ ነው። ይበልጥ የሚቀራረበው 11 ነው፤ ጥንተ አበቅቴያችን፣ የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት የሚያንስበት። ማራቲዎች ይህን 11 እያጠራቀሙ በ32 ወር ተኩል ግድም አንድ ሙሉ ወር ይጨምራሉ፤ «አዲክ ማስ» ይባላል። በ2023 እ.ኤ.አ. ሽራቫን የተባለው ወር ሁለቴ የመጣው በዚህ ነው። በዚያ ወር የሚስት ወላጆች ለአማቻቸው 33 አናርሴ ይሰጣሉ፤ ከሩዝ ዱቄትና ካልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ተለውሶ የሚጠበስ ነው።

የጓዳ መዝገብ፦ ስሞቹንም ልጨምር። ይህ ስሌት የሚጻፍበት መጽሐፍ «ፓንቻንግ» ይባላል፤ አምስት አካል ማለት ነው፦ ቲቲ፣ ቫር (የሳምንቱ ቀን)፣ ናክሻትራ (ጨረቃ ያለችበት ከ27ቱ የሰማይ ክፍል አንዱ)፣ ዮግ (ከፀሐይና ከጨረቃ ቦታ ድምር የሚወጣ ክፍል) እና ካራን (ግማሽ ቲቲ)። በ1973 እ.ኤ.አ. ጃያንትራኦ ሳልጋኦንካር የጀመሩት የግድግዳ ካላንደር «ካልኒርናይ» ደግሞ «ካል» ጊዜ፣ «ኒርናይ» ውሳኔ ነው። ስሙ ሥራውን ይናገራል፤ በመጽሐፍ የነበረውን ስሌት ግድግዳ ላይ አውጥቶ የቤቱ እመቤት ራሷ እንድትወስን አደረገ። ከጀርባው የምግብ አሠራር አለ፤ በየዕለቱ ሳጥን ውስጥም የወተቱ ሒሳብ ይጻፋል።

ውሳኔው የሚከብደው «ሳንካሽቲ» ላይ ነው፤ ጨረቃ መጉደል ከጀመረች በ4ኛው ቲቲ የሚጾም ጾም። ይህ በንጋት አይቆጠርም፤ ጨረቃ ስትወጣ 4ኛው ቲቲ መኖር አለበት። ጾሙም የሚፈታው ጨረቃ ስትወጣ ነው። ናግፑር ከሙምባይ በስተምሥራቅ ስለሆነች ጨረቃዋ 25 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች፤ ስለዚህ ሰዓቱ የሚነበበው ካላንደሩ ላይ ከራስ ከተማ መስመር ነው። ማክሰኞ ከዋለ «አንጋርኪ» ይባላል፤ ከማርስ ስም «አንጋራክ» የወጣ ነው፣ የማክሰኞ ጌታ ማርስ ነውና።

ቃል ለቃሚ፦ እንግዲህ «የጨረቃ ዕለት» ልበለው?

ቀመረኛው፦ ጥሩ ነው፣ አንዴ ፍቺውን ሰጥተው ከዚያ «ቲቲ» እያሉ ይቀጥሉ። አለዚያ የማራታውን ንጉሥ የሺቫጂን ልደት ሲተረጉሙ ይቸገራሉ፤ መንግሥት በታሪኽ ፌብሩዋሪ 19 ያከብራል፣ በቲቲ የሚያከብሩት ደግሞ በፋልጉን ወር ጨረቃ መጉደል ከጀመረች በ3ኛው ነው። ሁለቱንም «ቀን» ካሉ አንባቢ ለምን ሁለቴ እንደሚከበር አይገባውም።