«ኢሶፋጎጋስትሮዱኦዲኖስኮፒ»ን እንዴት ከፋፍዬ ላንብበው?

ተማሪዋ ከሐዋሳ፦
ጤና ይስጥልኝ። የነርሲንግ ተማሪ ስሆን በሚቀጥለው ሳምንት በክፍል ውስጥ ስለዚህ ምርመራ ገለጻ አቀርባለሁ። መምህራችን ስሙን በትርጉሙ ከፋፍለው አሳይተውናል፤ ይሁን እንጂ በዚያው አከፋፈል ሳነበው «ዱኦዲኖ» ላይ ቆሜ «እስኮፒ» እላለሁ፣ ቃሉም ለሁለት ይሰበራል። ጎልቶ መነገር ያለበትስ የትኛው ክፍል ነው?

የቋንቋ መምህር፦
የሚያደናቅፍዎ የትርጉሙና የአነጋገሩ አከፋፈል አንድ አለመሆኑ ነው። በትርጉም ኢሶፋጎ፣ ጋስትሮ፣ ዱኦዲኖ እና ስኮፒ ተብሎ በአራት ይከፈላል፤ ሦስቱ የምግብ ቧንቧን፣ ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መነሻ ሲያመለክቱ የመጨረሻው መመልከት ማለት ነው። በአነጋገር ግን «ኢ-ሶ-ፋ-ጎ-ጋስ-ትሮ-ዱ-ኦ-ዲ-ኖስ-ኮ-ፒ» ተብሎ 12 ክፍለ ቃላት ይኖሩታል። «ስ» ከፊቷ ካለው «ኖ» ጋር ስለምትጣመር፣ በሁለት ተናባቢዎች የሚጀምር ቃል ሲገጥመን የምንጨምራት «እ» መግቢያ አታገኝም። «ትሮ»ም አንድ ክፍለ ቃል ነው፤ ፊደላችን አናባቢ ያለውን ሳድስ ከሌለው ስለማይለይ አንባቢ «ት»ን ሳያስፈልግ ሊያስረዝማት ይችላል። በእንግሊዝኛው አነጋገር ከሁሉም የሚጎላው «ኖስ» ሲሆን በ«ኮሎኖስኮፒ»ም እንዲሁ ነው።

ሲስተር፣ ከዚያው ከሐዋሳ፦
እህቴ፣ የመምህሩ ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ለልምምድ ደግሞ ከመጨረሻው ብትጀምሪ ይሻልሻል። በመጀመሪያ «ኖስኮፒ»፣ ቀጥሎ «ዱኦዲኖስኮፒ»፣ ከዚያ «ጋስትሮዱኦዲኖስኮፒ» እያልሽ ፊቱን ጨምሪበት፤ ምላስሽ ሁልጊዜ ወደሚያውቀው ስለሚሄድ አይደነግጥም። «ዱኦዲኖ» የመጣው 12 ከሚለው የላቲን ቁጥር ነው፤ የጥንት ሐኪሞች የዚህን አንጀት ርዝመት በ12 ጣቶች ወርድ ገምተውታል፣ በዛሬው ልኬትም 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ለክፍል ጓደኞችሽ ብትነግሪያቸው ስሙን አይረሱትም። ለታካሚ ግን «ኢንዶስኮፒ» በቂ ነው፤ ባዶ ሆዱን የመጣን ሰው በረጅሙ ስም ማስጨነቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ተማሪዋ ከሐዋሳ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በአንዳንድ መጻሕፍት «ኢጂዲ»፣ በሌሎች «ኦጂዲ» የሚል አሕጽሮት አይቻለሁ፤ ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ናቸው?

የቋንቋ መምህር፦
አንድ ምርመራ ነው። እንግሊዞች የመጀመሪያውን ቃል በ«ኦ» ፊደል ጀምረው ስለሚጽፉት አሕጽሮቱ «ኦጂዲ» ሆነ፤ አሜሪካውያን ያችን ፊደል ትተዋታል። ሲነገር ግን በሁለቱም ዘንድ «ኢ» ተብሎ ስለሚጀመር የጀመሩትን አከፋፈል መቀየር አያስፈልግዎትም።